ስድስት ዙር ሽቦ

እትዬ ሽቦን ያገኘኋቸው በርሚንግሃም ውስጥ፣ ከዝናብ ሸሽተን በገባንበት ሱቅ ነው። ስማቸው ይህ አይደለም፤ ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ስድሳን የተሻገሩ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ የገባውን ሰው ሁሉ «ባብ» እያሉ የሚጠሩ ሴት ናቸው። የመጀመሪያዋን «ባብ» ስሰማ ከሌላ ሰው ጋር ያምታቱኝ መስሎኝ ነበር። በዚያ ከተማ አፍ «የኔ ዓለም» እንደማለት ነው ብሎ የአክስቴ ልጅ ሹክ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ባብ ሲሉኝ ደስ ይለኝ ጀመር።

የሄድኩት ለክርስትና ነበር። የአክስቴ ልጅ የበኩር ልጁን ክርስትና ሊያስነሳ «ጋሼ ካልመጣህ አይሆንም» አለ፤ ሄድኩ። ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሁለት ኪሎ የይርጋጨፌ ቡናና አራት ፓኮ ሲጋራ ነበር። እዚህ ላይ ነውሬን ልናገር። ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው። በሥራ ቀን ሽቶ የማይቀቡ፣ ነጭ ሽንኩርት የሚሸሹ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጋራ ሳጨስ ኖሬ፣ ጠዋት ጠዋት አፌን ተጉመጥሙጬ ንጹሕ መስዬ ጠረጴዛው ላይ እቀርባለሁ።

የልጁ እናት በገባሁ ሌሊት ሕግ አወጣች፤ ሕፃን ባለበት ቤት ጭስም ተንም የለም፣ የሚስብ ሁሉ ከጓሮው በር ውጭ። ስለዚህ የዚህ ታሪክ ግማሹ የሚፈጸመው በርሚንግሃም ጓሮ ውስጥ፣ የሣር ማጨጃና የተሰበረ ብስክሌት ባለበት አንድ የጣውላ ክፍል ውስጥ ነው።

የአክስቴ ልጅ ሲጋራ ከተወ አራት ዓመቱ ነው፤ በምትኩ ቬፕ፣ ማለት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ይስባል። በዚያች ክፍል አንድ መሳቢያ ከፍቶ አሳየኝ። ተስበው የሚጣሉ ቬፖች እንደ ተማሪ እስክሪብቶ በቀለም በቀለም ሞልተውታል፤ ሁሉም ያለቀላቸው። ብሪታንያ ከጁን 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሽያጫቸውን ከልክላለች። እሱ ደግሞ ባትሪ ስላለባቸው ከቆሻሻ ጋር አይጣሉም ብሎ እንዳስቀመጣቸው ቀርተዋል። አሁን የሚጠቀመው ፈሳሽ የሚሞላ ታንክ ያለውን ነው።

«ይሄ እንጆሪ ነው፣ ሞክረው» ብሎ ሰጠኝ።

ሳብኩት። እንጆሪ አልነበረም። ከሥሩ ሚንት አለ፣ ከሚንቱም ሥር ከረሜላ ከረሜላ የሚል ነገር ተጋድሟል።

«ሚንቱን መቼ ነው የሞላኸው?»

«ባለፈው ሳምንት። እንዴት አወቅህ ጋሼ?»

ጥፋቱ የእሱም የእንጆሪውም አልነበረም። ታንኩ ውስጥ ያለው ኮይል፣ ማለት የሚግለው ሽቦ፣ ፈሳሹን ከሚጠጣው ጥጥ ጋር በፋብሪካ ታሽጎ የመጣ ነው። ጥጡን ለብቻው ማውጣት አይቻልም። ጥጡ የጠጣውን አይረሳም፣ ሚንት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ቂመኛ ነው። ጣዕም መቀየር የሚፈልግ ሰው ያለውን ፈሳሽ ይጨርሳል ወይም ይደፋል፣ ታንኩን ያጥባል፣ አዲስ ኮይል ይገዛል። እኛ ቡና ስንቀምስ 8.25 ግራም የተፈጨ ቡና ላይ 150 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ እናፈሳለን፣ አራት ደቂቃ ጠብቀን ከላይ የተንሳፈፈውን በማንኪያ እንሰብራለን፣ ከዚያ ከስኒ ወደ ስኒ በሄድን ቁጥር ማንኪያችንን እናለቀልቃለን። ይህን የማያደርግ ቀማሽ ከጠረጴዛው ይባረራል። የአክስቴ ልጅ ታንክ ያልተለቀለቀ ማንኪያ ነበር።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነው። ከኒው ስትሪት ባቡር ጣቢያ ተነስተን የቅዱስ ጳውሎስን አደባባይ አልፈን ዳገቷን ወጣን፤ ጌጣጌጥ ሠሪዎች ሰፈር ገባን። መገናኛው ላይ በ1903 ለፖለቲከኛው ጆሴፍ ቻምበርሊን ክብር የቆመ የብረት ሰዓት አለ፤ ዙሪያውን የቀለበት ሱቅ ነው። ከ1773 ጀምሮ የከተማዋ የወርቅና የብር መርማሪ ቤት በመረመረው ጌጥ ላይ የሚመታው ምልክት መልሕቅ ነው። ባሕር በሌለበት ከተማ መልሕቅ! ምክንያቱን ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት ዓይነት መልስ አገኘሁ።

ያቆየኝ ግን የብዕር ሙዚየሙ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዓለም ከሚጽፍባቸው የብረት ብዕሮች አብዛኛዎቹ የሚሠሩት በዚህች ከተማ ነበር፤ በማተሚያው ላይ ተጎንብሰው የሚሠሩትም በብዛት ሴቶች ነበሩ። እንግዳ ራሱ ማተሚያውን ተጭኖ አንድ የብዕር ጫፍ እንዲያወጣ ይፈቀድለታል። ተጫንኩ፤ ቀጭን ቆርቆሮ ታጥፎ ወጣ። መሐሉ ላይ ያለችውን ስንጥቅ ሳይ ልጅነቴ መጣብኝ። ቀለሙ በስንጥቋ ውስጥ ማንም ሳይገፋው የሚሄደው የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ በሚስብበት ሕግ ነው። ክሩ ቀዳዳው ውስጥ ከተጠቀጠቀ መብራቱ ይሞታል፣ ከላላ ደግሞ ይጨሳል። እናቴ ክር ስትለካ በጣቷ አሸት አሸት አድርጋ ታስገባው ነበር። ያን ቀን ይህ ነገር ከሰዓት በኋላ ይጠቅመኛል ብዬ አላሰብኩም።

ዝናቡ የያዘን ከሙዚየሙ ስንወጣ ነው።

የተጠለልንበት የቬፕ ሱቅ ጠባብ ነው። በሩ ላይ ከ18 ዓመት በታች መግባት ክልክል መሆኑ ተጽፏል። አንዱ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ትናንሽ ጠርሙስ ነው፤ ኒኮቲን ያለው ፈሳሽ በሕግ ከ10 ሚሊ ሊትር በሚበልጥ ጠርሙስ አይሸጥም፣ የታንክም ሆድ ከ2 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። በሌላው በኩል ማጉያ መነጽር የተገጠመለት መብራት፣ ወረንጦ፣ ትናንሽ ካቻቪቴዎችና የሽቦ ጥቅሎች ያሉበት ጠረጴዛ አለ። እትዬ ሽቦ የተቀመጡት እዚያ ነው።

ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው መስታወቱ ውስጥ ባለ ወርቅማ ነገር ላይ ነበር። ሁለት ኮይል ይይዛል፣ አየር ከአራት አቅጣጫ ይገባዋል፣ ራሱን የቻለ ቤተ መንግሥት ነው። «እሱን» አልኩ።

«ምን ልትሠራበት?»

«ጣዕም ልቀምስ።»

«እሱ ደመና ለማውጣት ነው፣ ባብ። አንድ ጠርሙስ በአንድ ከሰዓት ይጨርስብሃል፣ ምላስህን ግን ምንም አይነግረውም» አሉና ከመሳቢያቸው አንዲት ትንሽ ነገር አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩ። ወርዷ 22 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ የአንድ ቁልፍ ያህል ነው። ዋስፕ ናኖ ትባላለች፤ ኡሚየር የተባለ የቻይና ኩባንያ ሥራ ናት። ዋጋዋም ያኔ ከ20 ፓውንድ በታች ነበር። ታንክ የላትም። ክዳኗ ሲነሳ ወለሏ ላይ ሽቦ የሚቆነጥጡ ሁለት ብሎኖችና ከሥር ፈሳሽ የሚያርፍባት ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ በቃ። ኮይሉን የሚሠራው ባለቤቱ ነው፣ ጥጡን የሚያስገባውም ባለቤቱ፣ ፈሳሹን ከላይ ጠብ ጠብ የሚያደርገውም እሱ ነው። ድሪፐር የሚሏት ለዚህ ነው።

ለምን ይቺ? እትዬ ሽቦ በጣታቸው እያሳዩ ነገሩኝ፣ እኔም እዚሁ ልንገራችሁ። አንድ ኮይል ብቻ ስለምትይዝ ሁለቱን እኩል ለማድረግ መከራ የለም። በክዳኗና በኮይሉ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ ተኑ ሳይበተን፣ ሳይቀዘቅዝ አፍ ይደርሳል። አየሩ ከጎን ገብቶ ኮይሉን ይዳስሰዋል፤ ከታች ቢሆን ኖሮ የበዛው ፈሳሽ በዚያው በኩል ይፈስ ነበር። የሽቦ መያዣዋም የጀማሪን ጣት የምትታገስ ናት። ሌላው ሁሉ፣ ቀለሙም ቅርጹም፣ ለዓይን ነው አሉ።

የምትገጠምበትን ባትሪ ያለውን ሳጥን ሲመርጡልኝ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። ቺፕ የሌለው፣ ባትሪውን በቀጥታ ከሽቦው ጋር የሚያገናኝ ዓይነትም አለ፤ እሱን ለእኔ እንደማይሸጡልኝ አስረግጠው ነገሩኝ። ሽቦው የብረቱን ግድግዳ ከነካ ቺፕ ያለው ራሱን ያጠፋል፣ ቺፕ የሌለው ግን የሚያቆመው ነገር የለም። 18650 የሚባለውን ባትሪም ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪሴ እንዳልከት የፕላስቲክ ቤት ሰጡኝ፤ በነጻ።

ከዚያ ሽቦውን አነሱ። ካንታል ይባላል፤ ብረት፣ ክሮሚየምና አሉሚኒየም የተቀላቀሉበት፣ ስዊድን ውስጥ የተፈለሰፈ ነው። ሲሰጡኝ ጣቴ ቀድሞ አወቀው። የእናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ በተቃጠለ ቁጥር መርካቶ ተልኬ የማመጣው ሽቦ የቅርብ ዘመዱ ነው! ያኛው ወፈር ይላል፣ ይሄኛው 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው። ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ ይታገላል፣ በትግሉ ይግላል። ምጣዱ እንጀራ ያበስላል፣ ይሄኛው ጠብታ ያተናል።

እትዬ ሽቦ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላት የብረት ዘንግ ላይ ሽቦውን ጠመጠሙት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጣታቸው ሽቦውን ይጎትታል እንጂ አይገፋም። ስድስተኛው ዙር ላይ ሲደርሱ ዙሮቹ እንደ ክር ጥቅልል ጎን ለጎን ተኝተው በመካከላቸው ብርሃን አያልፍም ነበር። «የት ነው የተማሩት?» አልኳቸው። ለሠላሳ ዓመት እዚሁ ሰፈር የወርቅ ሰንሰለት ሲሠሩ ነው የኖሩት። የሰንሰለት ቀለበት የሚገኘው እንደዚሁ ሽቦ በዘንግ ላይ ጠምጥሞ በመቁረጥ ነው። «ድሮ ጠምጥሜ እቆርጠው ነበር። አሁን አልቆርጠውም። ልዩነቱ ይሄው ነው» አሉ።

ሁለቱን ጫፎች ብሎኖቹ ሥር አስገብተው አጠበቁ፤ ትርፉን እስከ ሥሩ በመቁረጫ ቀረጠፉት። የሳጥኑ መስታወት 0.8 ኦም አለ። ቁልፉን ጫን ለቀቅ ሲያደርጉ ሽቦው ቀላ። መጀመሪያ ጫፉ ላይ ብቻ ነው የቀላው፤ ይህ ጥሩ አይደለም፣ አንድ ዙር ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቷል ማለት ነው። ጫፉ ሴራሚክ በሆነ ወረንጦ ሽቦውን እንደ ክራር አውታር ገረፍ ገረፍ አደረጉት፣ እንደገና ጫኑ። አሁን ቅላቱ ከመሐል ተነስቶ እኩል ወደ ሁለቱ ጫፎች ሄደ። በማጉያው ውስጥ ሳየው ፍም ነበር፤ ከስንዴ ፍሬ ያልበለጠ፣ ግን እውነተኛ ፍም።

ጥጡ ሲመጣ ወሬው የኔ ሆነ። ባዘቶ ነው። እሳቸው የጃፓን ጥጥ ይሉታል፣ ለእኔ ግን አያቴ ከደገን በታች የምታከማቸው ባዘቶ ነው። ገመድ አድርገው አሹት፣ በኮይሉ ውስጥ አሾለኩት፣ ወዲያ ወዲህ ጎተቱት። «እንዲህ ነው፤ ሽቦውን ሳያጣምም እየታከከ ማለፍ አለበት። ከጠበቀ ፈሳሹ አይደርስበትም፣ ይቃጠላል። ከላላ ይንጫጫል፣ አፍህ ውስጥ ይተፋል።» ኩራዙን አሰብኩ፣ የብዕሯን ስንጥቅም። ለሳቸው በእጅ ምልክት ለማስረዳት ሞከርኩ፤ የአክስቴ ልጅ ሲተረጉምልኝ አንገታቸውን ነቀነቁ። አያታቸው የብዕር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ።

አምስት ጠብታ። ክዳኑ ገባ። ሃያ ዋት።

ቸስ አለ። የሳብኩት ሎሚ ነው። ግን እንዴት ያለ ሎሚ! ጭማቂው ሳይሆን ልጣጩ፣ ጥፍር ሲያርፍበት የሚረጨው። ቀጥሎ የብስኩት ጠርዝ መጣ፣ ትንሽ የቅቤ ነገር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ስኳሩ። ሦስቱ አንድ ላይ ተለውሰው አልመጡም፤ ወረፋ ጠብቀው ነው የገቡት። በምላሴና በጠብታው መካከል አንድ ጣት የማይሞላ አየር ብቻ ነበር። ሁለተኛ ሳብኩ። ሳላውቀው ቡና እንደምቀምስ አየሩን በምላሴ ላይ አሽከረከርኩትና ሳል አነቀኝ። እትዬ ሽቦ ውሃ ሰጡኝ።

ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ከሳብኩ በኋላ ጠብታው አለቀ። ያኔ የወደድኩትን ነገር አደረጉ። ጥጡን በወረንጦ ጎትተው ጣሉት፣ ሽቦውን ባዶውን አግለው የቀረውን አቃጠሉት፣ አዲስ ባዘቶ አስገቡ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ቀጣዩ ጠርሙስ ማንጎ ነበር፤ ሎሚው የለም። ፈጽሞ የለም። ለማንኪያ ማለቅለቂያ የሚሆን ብልሃት በሽቦ ዓለምም መኖሩን ሳይ፣ እውነት እላለሁ፣ ልቤ ሄደ።

በዚያ ከሰዓት ስድስት ጣዕም ቀመስኩ፤ ሁሉም ኒኮቲን የሌላቸው። ፈሳሾቹ ሁለት መሠረት አላቸው። ፕሮፒሊን ግላይኮል ቀጭን ነው፣ ጣዕሙን በደንብ ይሸከማል። ግሊሰሪን ደግሞ ወፍራምና ጣፋጭ ቢጤ ነው፣ ተኑን ያበዛል። ለመቅመስ እኩል በእኩል የሆነው ይሻላል አሉኝ፤ አምኜ ሞከርኩት፣ እውነታቸውን ነው። በጣም የሚጣፍጡት ጠርሙሶች ሱክራሎዝ የሚባል ማጣፈጫ አለባቸውና ሽቦውን ቶሎ ያጠቁሩታል። የቫኒላው ክሬም ደህና ነው። ትምባሆ የሚለው ትምባሆ አይደለም፤ ገለባና ካራሜል ነው።

አምስተኛው «የኢትዮጵያ ቡና» ይላል። የአክስቴ ልጅ እየሳቀ ነው ያቀበለኝ። ሳብኩት፤ ያረረ ኦቾሎኒ፣ ከላዩ ጣፋጭ ወተት። የተቆላ ቡና ከ800 የሚበልጡ ሽታ ሰጪ ውህዶች አሉት። ይህ ጠርሙስ ምናልባት አምስቱን ይዟል፣ ያውም ተጣልተው። እትዬ ሽቦ ፊቴን አይተው «ይሄን ያህል?» አሉ። በማግሥቱ ይርጋጨፌዬን በጥቁር ፌስታል ቋጥሬ ወሰድኩላቸው። ክርክሩ በዚያው አለቀ።

ጓሮው ውስጥ ራሴ ስሠራው ግን እንዲህ ቀላል አልሆነም። የመጀመሪያው ኮይሌ አንዱ እግሩ ሳይቀረጠፍ ቀርቶ ክዳኑን ነካ፤ ሳጥኑ «ሾርት» ብሎ ተዘጋ። ያቺ የባትሪ ተግሣጽ ያኔ ገባችኝ። ሁለተኛው ላይ ጥጡን እንደ ትራስ ጠቀጠቅሁት። የሳብኩት ያረረ ጨርቅ ነበር፤ ምላሴ እስከ ራት ድረስ ሌላ ነገር አልቀበልም አለኝ፤ ዶሮ ወጡንም ጭምር፣ በክርስትና ቀን። ሦስተኛው ሠራ።

ከዚያ በዋቱ መጫወት ጀመርኩ። ቡና ሲቀዘቅዝ ይገለጣል፤ ሙቅ ሳለ የተደበቀው ፍሬ ፍሬ የሚል ነገር ስኒው ለብ ሲል ብቅ ይላል። እዚህም ይኸው ነው። በ12 ዋት የሎሚው ልጣጭ ብቻውን ይቆማል። በ18 ብስኩቱ ይቀላቀለዋል። ከ25 በላይ ሁሉም ካራሜል ሆኖ ሎሚው ይሞታል። የአክስቴ ልጅ አራት ዓመት ሲስብ ይህን አላወቀም፣ ታንኩ አልነገረውም። ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን፣ ሁለት ጎልማሶች የሣር ማጨጃ ላይ ተቀምጠን ስለ ሎሚ ልጣጭ ስንከራከር ሚስቱ በመስኮት አየችን። ምንም አላለችም፤ መጋረጃውን ዘጋች።

ድሪፐሯ ለመንገድ አትሆንም። ይህን አልደብቅም። በየስምንት ስቡ ክዳን ከፍቶ ማንጠባጠብ አውቶቡስ ላይ አይሞከርም። ኪስ ውስጥ ከተጋደመች ታለቅሳለች፤ ሸሚዜ ማንጎ ማንጎ ሲሸት ሰንብቷል። ቀን ሙሉ የሚስብ ሰው የራሱን ጣዕም በእሷ መርጦ ለቀኑ ታንክ ይጠቀም። ጤናውን በተመለከተ የእንግሊዝ ሐኪሞች ከሲጋራ በእጅጉ ያነሰ ጉዳት አለው ይላሉ፣ ጉዳት የለውም ግን አይሉም፤ ላላጨሰ ሰው ደግሞ አይመክሩትም። እኔ ካመጣኋቸው አራት ፓኮዎች ሁለቱን ብቻ ነው የጨረስኩት። የቀሩት ምን እንደሆኑ የልጁን እናት ጠይቁ።

ስመለስ አልያዝኳትም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ወደ ኢትዮጵያ ማስገባትም መሸጥም ይከለክላል። በመጨረሻው ማታ ጠራርጌ፣ አዲስ ኮይል ሠርቼ፣ ባዘቶውን ሳላስገባ ለአክስቴ ልጅ አስረከብኳት። ከእትዬ ሽቦ የያዝኩት ዘንጓን ብቻ ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር፣ ዝገት የማይነካው። ከተጫንኳት የብዕር ጫፍ ጋር አንድ ላይ ጠቅልያታለሁ።

ባለፈው እሑድ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ጥጡን ቀየርኩት። ግን ይንጫጫል፣ አፌ ውስጥም ይተፋል።»

«ስልኩን ጠጋ አድርገህ ሳበው።»

ከበርሚንግሃም ጓሮ፣ ከዝናብ ድምፅ ጋር፣ ፍጥጥ ፍጥጥ የሚል ነገር መጣ።

«ጥጡ ላልቷል፣ ጨመር አድርግ። ስንት ጠብታ ነው ያደረግኸው?»

«አስር።»

«አምስት አልኩህ እኮ!»

«እሺ፣ እሺ ጋሼ» አለ፤ ክዳኗ ስትከፈት ጠቅ ስትል ሰማሁ።